የማንዴሎው መካኒክ የካ አባዶ ሲገባ

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከምኖርበት ብሎክ ወርጄ ዳቦ ልገዛ ስል፣ በርና መስኮት የሚሠራው ብረታ ብረት ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ተኮልኩሎ አየሁ። ጠብ መስሎኝ እርምጃዬን ፈጠን አደረግሁ። (ጠብ ሲሆን እግራችን ለምን እንደሚፈጥን አላውቅም።) ጠብ አልነበረም። ሁለት ብሎኬት ላይ የተቀመጠ፣ የኋላ ጎማው የወለቀ፣ ዝገት የጠገበ ሞተር ሳይክል ነበር። አጠገቡ ጎረቤቴ ቆመዋል። ዕድሜያቸውን በጋራዥ የጨረሱ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ፣ የብሎኩ ልጆች ሁሉ ጋሼ የሚሏቸው ሰው ናቸው። ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እኔም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጋሼ በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ይዘው የሞተሩን ጎን ሲፈትጉ ከቅባትና ከአፈር ሥር ፊደላት ብቅ አሉ። ሞቶ ጉዚ ይላል። ጣልያኖቹ ጉትሲ ነው የሚሉት፤ እኛ ግን እንደለመድነው ጉዚ እንበለው። ጋሼ እንደነገሩኝ ይህን ሞተር የዛሬ 30 ዓመት ገደማ ምናለሽ ተራ በኪሎ ነው የገዙት። ከዚያ ወዲህ ከቤት ቤት ሲቀያይሩ አብሯቸው ሲዞር ኖሮ የካ አባዶ ደረሰ። ባለቤታቸው ስንት ጊዜ ለቆራሌው ሊሰጡት እንደነበር የብሎኩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

የሞተሩ ሕመም ከኋላ ነው። አንድ ያልታወቀ ሰው፣ በአንድ ያልታወቀ ዘመን፣ የኋላ ጎማውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዘውን ክንድ በመጋዝ ቆርጦ ጥሎ፣ በቦታው የውሃ ቧንቧ በቀጥታ ከቴላዮው ጋር በይዶበታል። ምናልባት ሞላው ተሰብሮበት መለዋወጫ አጥቶ ይሆናል። ብቻ ሞተሩ ደረቅ ሆኗል። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ድንጋዩን የሚቀበለው የነጂው ወገብ ነው ማለት ነው። ጋሼ ያን ቧንቧ አስወግደው፣ በራሳቸው ንድፍ አዲስ ክንድ አሠርተው፣ ዘመናዊ አሞርዛተር ሊገጥሙበት ወስነዋል። የሚሠራው ደግሞ ገና 30 ዓመት ያልሞላው፣ የሰፈራችንን በረንዳ ሁሉ በብረት ያጠረ በያጅ ነው።

እኔ ግን ደስ አላለኝም። ምክንያቴን ልንገራችሁ። አያቴ በሸዋ የአርበኛ ወገን ነበሩ። ልጅ ሆኜ ሲያወሩ ከመድፍና ከአውሮፕላን ይልቅ የሞተር ሳይክል ድምፅ ነበር አብዝተው የሚያነሡት። ከመንገዱ በላይ ጫካ ውስጥ ተኝተው፣ መጀመሪያ የሚሰሙት መልእክተኛው ጣልያን የሚጋልበውን ሞተር ነው። ዱብ ዱብ ዱብ የሚል፣ ዘገምተኛ፣ ከሩቅ የሚታወቅ ድምፅ ነው ይሉ ነበር። ከእሱ በኋላ ካሚዮኑ፣ ከካሚዮኑ በኋላ የሚቃጠል ሳር ቤት ይመጣል። እንግዲህ ይህን ነገር በየካ አባዶ አስፋልት ላይ በቅባት እያሹ ማሞላቀቅ ምን ይሉታል ብዬ ጋሼን ጠየቅኋቸው። ጋሼ ጨርቃቸውን ሳያስቀምጡ፣ ሞተሩን የላከውና ሞተሩን ያሰበው አንድ ሰው እንዳልሆነ፣ ያሰበውንም ሰው ታሪክ ሳላነብ እንዳልፈርድ መከሩኝ። ተናደድኩ። ቤቴ ገብቼም ማንበብ ጀመርኩ። የዛሬው ጽሑፌ የዚያ ንዴት ውጤት ነው። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉልኝ።

ካርሎ ጉዚ ሚላኖ ውስጥ በ1889 ነሐሴ 4 ቀን ተወለደ። ከተሜ ቢሆንም የሕይወቱ ቦታ ሚላኖ አይደለችም። ቤተሰቡ ኮሞ በሚባለው ሐይቅ ዳር፣ በሌኮ በኩል ባለው ክንድ ላይ በምትገኝ ማንዴሎ በምትባል ትንሽ ከተማ ቤት ነበረው። ካርሎ እዚያ ነው ከብረት ጋር የተወዳጀው። በከተማዋ ጆርጆ ሪፓሞንቲ የሚባል አንጥረኛ መካኒክ ነበር። ወጣቱ ጉዚ ከዚህ ሰው ወርክሾፕ አይጠፋም። በኋላ የዓለምን ሻምፒዮና የሚያነሡት ሞተሮች የመጀመሪያ አባታቸው የተወለደው በዚህ በአንድ የመንደር አንጥረኛ ቤት ውስጥ ነው። ይህን ሳነብ የእኛ የበርና መስኮት ቤት ትዝ አለኝ፤ ንዴቴም ትንሽ በረደ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጉዚ በጣልያን ባሕር ኃይል የአየር ክፍል በመካኒክነት አገለገለ። ቬኒስ አካባቢ ከሁለት አብራሪዎች ጋር ተዋወቀ። አንደኛው ጆርጆ ፓሮዲ ሲሆን የጄኖቫ የመርከብ ባለሀብት ልጅ ነው። ሁለተኛው ጆቫኒ ራቬሊ ከጦርነቱ በፊት የታወቀ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነበር። ሦስቱ ጦርነቱ ሲያልቅ የሚሠሩትን ተከፋፈሉ። ጉዚ ይነድፋል፣ ፓሮዲ ገንዘብ ያመጣል፣ ራቬሊ እየተወዳደረ ስም ያስጠራል። ጦርነቱ በ1918 አለቀ። ራቬሊ ግን በ1919 ነሐሴ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ዛሬ ድረስ ሞቶ ጉዚ ላይ የሚታየው ክንፉን የዘረጋ ንስር የአብራሪው ጓደኛቸው መታሰቢያ ነው።

ገንዘቡ የመጣው ከጆርጆ አባት ከኤማኑዌሌ ቪቶሪዮ ፓሮዲ ነው። ሽማግሌው በ1919 ጥር 3 ቀን ለልጃቸው በጻፉት ደብዳቤ ለሙከራ የሚሆን ከ1,500 እስከ 2,000 ሊሬ ፈቀዱ። ከዚያ በላይ ከመጨመራቸው በፊት ግን የተሠራውን በዓይናቸው ሊያዩ፣ ነገሩ ካላማራቸውም እጃቸውን ሊያወጡ አስጠንቅቀዋል። ነጋዴ ነጋዴ ነው።

በዚያ ገንዘብ ሪፓሞንቲ ቤት የተሠራው የመጀመሪያው ሞተር በጉዚና በፓሮዲ ስም መነሻ ፊደላት ጂ.ፒ. ተባለ። ኋላ ላይ እነዚያ ፊደላት የጆርጆ ፓሮዲም ስም መነሻ መሆናቸው ተነሣና ፓሮዲ ራሱ ፋብሪካው በጓደኛው ስም እንዲጠራ አደረገ። በ1921 መጋቢት 15 ቀን ጄኖቫ ላይ ሞቶ ጉዚ ኩባንያ ተመሠረተ። ነገር ግን ልብ በሉ። ስሙ የጉዚ ቢሆንም ፋብሪካው የፓሮዲዎች ነበር። የጉዚ ድርሻ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ሞተር ላይ የሚታሰብ ክፍያ ነው። ባለቤት ሳይሆን ባለሙያ ሆኖ ነው የኖረው። ለእኔ የሰውየው ጠባይ ቁልፍ ይህ ይመስለኛል። ማስታወቂያው ላይ ስሙ ተጽፎ፣ እሱ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ቀና አይልም።

በመጀመሪያው ዓመት የተመረተው ሞተር 17 ብቻ ነው። ኖርማሌ ይሉታል። ሲሊንደሩ እንደ ሌሎቹ ሞተሮች ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ወደ ፊት ተጋድሟል። 498 ሲሲ ነው፤ የፒስተኑ ስፋት 88፣ ምልልሱ 82 ሚሊ ሜትር። መጋደሙ ለመልክ አይደለም። ነፋስ ፊት ለፊት ያገኘዋል፣ ክብደቱም ወደ መሬት ይወርዳል። ሞተሩ ሳይንገጫገጭ እንዲዞር የሚያደርገውን ከባድ የብረት ጎማ፣ መካኒኮቻችን ቮላኖ የሚሉትን፣ ጉዚ ከሞተሩ ሆድ አውጥቶ በጎን በኩል በግልጽ አስቀመጠው። አያቴ ከሩቅ የሚያውቁት ያ ዘገምተኛ ዱብ ዱብታ የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ትልቅ ፒስተንና አንድ ትልቅ ቮላኖ፣ ሳይቸኩሉ። የጋሼ ሞተር ሆድም ይኸው ራሱ ነው፤ 88 በ82።

አሁን ወደ ኋላ ጎማው ልውሰዳችሁ።

በ1920ዎቹ አብዛኛው ሞተር ሳይክል ከፊት ሞላ ነበረው፣ ከኋላ ግን ደረቅ ነበር። ነጂው የሚቀመጠው ሞላ ባለው ኮርቻ ላይ ስለሆነ በቂ ነው ይባላል። ከኋላ ሞላ ያለው ቴላዮ ለመሥራት የሞከሩ ነበሩ፤ ገዢው ግን አያምናቸውም። ባለማመኑም አልተሳሳተም። የኋላ ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ ስትፈቅድለት ወደ ግራና ወደ ቀኝም መንቀሳቀስ ይጀምራል። ክንዱ ከተጠማዘዘ ወይም መታጠፊያው ላይ ክፍተት ካለ፣ ሞተሩ ኩርባ ላይ እንደ ሰከረ ሰው ጭራው ይወላገዳል። ስለዚህ ሰው ወገቡ ቢጎዳም ደረቁን ይመርጥ ነበር።

ጉዚና ወንድሙ ጁዜፔ ለዚህ ያገኙት መልስ እስከ ዛሬ የሚያስደንቅ ነው። ጁዜፔ መሐንዲስ ነው፤ የቤት ስሙ ናኮ። ጎማውን የሚይዘውን ክንድ ሦስት ማዕዘን አድርገው ሠሩት። ሦስት ማዕዘን ብረት ሳይሰበር ቅርፁን አይለውጥም፤ የጣሪያ ክፈፍ የሠራ አናጺ ሁሉ ያውቀዋል። ሞላዎቹን ደግሞ እንደ ዛሬው ከኮርቻው ጎን አላቆሟቸውም። ከሞተሩ ሥር በሳጥን ውስጥ አጋደሟቸው። ጎማው ከፍ ሲል ክንዱ በዘንግ አማካይነት ሞላዎቹን ይጨምቃል። ከባዱ ነገር ሁሉ ታች ነው። የጉዚ ጭንቅላት ነገርን ሁሉ ወደ መሬት ማስጠጋት ይወዳል።

ገበያው ግን አሁንም አላመነም። በ1928 ናኮ ጂ.ቲ. የተባለውን ይህን ሞተር አስነሥቶ ከማንዴሎ ወደ ሰሜን ጋለበ። ስዊድንንና ኖርዌይን አቆራርጦ፣ ከዋልታው ክበብ አልፎ፣ ኖርድካፕ ወደሚባለው የአውሮፓ ጫፍ አቀና። ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ፣ አብዛኛው ጠጠርና ጭቃ በሆነ መንገድ። ሞተሩ ኖርጄ የሚል ቅጽል ስም ያገኘው ከዚህ ጉዞ ነው፤ በጣልያንኛ አፍ ለተያዘ የኖርዌይ ስም ነው። ጀግንነቱ ይህን ያህል ሆኖ ሽያጩ ግን መቶ እንኳ አልሞላም። ሰው ያጨበጭባል እንጂ አይገዛም። ለነገሩ ይህን የአገራችን ደራስያንም ያውቁታል።

ሰው የተረታው በ1935 ነው። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው አይል ኦፍ ማን በምትባል ደሴት በየዓመቱ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚካሄድ ውድድር አለ። ዙሩ ከ60 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የትልልቆቹ ሞተሮች ፉክክር ያኔ 7 ዙር ነበር። እንግሊዞቹ በኖርተን ሞተር እንደ ቤታቸው ይገዙታል። በዚያ ዓመት ሰኔ ስታንሊ ውድስ የተባለ አየርላንዳዊ በጉዚ ሁለት ሲሊንደር ሞተር፣ ከኋላ ሞላ ባለው ቴላዮ ቀረበ። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር የኖርተኑ ጂሚ ጋትሪ በ26 ሰከንድ ይመራ ነበር። ጋትሪ ቀድሞ ስለተነሣ ቀድሞ ጨረሰ፤ ሰዎች እንኳን ደስ አለህ እያሉት ነበር። የጉዚ ሰዎች በበኩላቸው ውድስ ቤንዚን ሊሞላ እንደሚቆም አስመስለው መያዣውን አዘጋጅተው ሲጠብቁ፣ ሰውየው ሳይቆም አለፈ። በ4 ሰከንድ አሸነፈ። በዚያው ሳምንት በትንንሾቹም ሞተሮች አሸንፎ ነበር። ኖርተኖች በቀጣዩ ዓመት የውድድር ሞተሮቻቸው የኋላ ጎማ ላይ ሞላ ገጠሙ። ክርክሩ አለቀ ማለት ነው።

ሰኔ 1935 በእኛ 1927 ዓ.ም. ነው። አራት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ።

ማንበቤን እዚህ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል አቆምኩ። ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣውን ገምቼዋለሁ። ጉዚ ያን ሞላ ያለውን ቴላዮ ለሰላማዊ ሰው መሸጥ ሲያቅተው ጦሩ ገዝቶታል። ጂ.ቲ. 17 የተባለው ሞተር ከ1932 እስከ 1939 ለጣልያን ጦር ተብሎ የተሠራ ነው። መንገድ በሌለበት ለሚሄድ ወታደር የኋላ ሞላ ቅንጦት አይደለም። ሞተሩ ኢትዮጵያ ላይ ከዘመተው ጦር ጋር መጣ። ናኮ በኖርዌይ ጠጠር ላይ የፈተነው ክንድ በእኛ አቀበትና ቁልቁለት ላይ መልእክት አመላለሰ። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በከተማዋ የሆነው ለማንም አይጠፋም። ጋሼ የሞተራቸውን ማርሽ በእጅ መቀየሩን፣ ካምቢዮው ሦስት ማርሽ መሆኑንና የተቆረጠውን ክንድ ጉቶ አይተው ከዚሁ ከጂ.ቲ. 17 ወገን ነው ይላሉ። እንግዲህ አያቴ የሰሙት ድምፅ ከዚህኛው ሞተር ይሁን ከወንድሙ ማን ያውቃል።

ጉዚን ከዚህ ነፃ ላወጣው አልችልም። የጦር ውል ፋብሪካውን አብልቶታል፤ የእሱም ክፍያ ከእያንዳንዱ ሞተር ላይ ይታሰብ ነበር ብያችኋለሁ። ወንጀለኛ ብዬም አልከስሰውም። የሠራው ክንድ ነው፤ ክንዱን ማን እንደጨበጠው ደግሞ ታሪክ ይናገራል። ጋሼ በዚህ ጉዳይ ብዙ አይጨነቁም። እኔ እየተብከነከንኩ ስነግራቸው፣ የራሴን አፍ እንዳዳምጥ ብቻ ነው ያሳሰቡኝ። እውነትም የሞተሩን ችግር ሳስረዳቸው ቴላዮ፣ ሞላ፣ አሞርዛተር፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ እያልኩ ነበር። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ጣልያን ከሄደ ከ80 ዓመት በኋላ ካዛንቺስ ካዛንቺስ ነው፣ ጎሚስታውም ጎሚስታ ነው። አርበኞቹ ጠመንጃውን እንደማረኩት መካኒኮቹ ቃሉን ማረኩት።

ወደ ብየዳ ቤቱ ልመለስ፤ ዋናው ሥራ እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ክንድ ከሸፈ። በያጁ እንደለመደው የበር ቱቦላሬ ቆርጦ፣ አንዱን ጎን በአንድ ትንፋሽ በይዶ ጨረሰና ወደ ሌላው ዞረ። ብረት ሲበየድ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ከነበረበት አልፎ ይሰበሰባል። በበር ላይ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢጣመም ማጠፊያው ይሸከመዋል። በሞተር ላይ ግን ጋሼ ጎማውን አስገብተው ክር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ሲወጥሩ፣ የኋላው ወደ ግራ አጋድሎ ቁጭ። ክንዱ ተጣለ። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ጋሼ ግን ምንም አላሉም፤ ቡና አስመጡ።

ሁለተኛው ጊዜ ጋሼ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። ቱቦላሬው ቀርቶ ስፌት የሌለው ወፍራም ቱቦ ከቁራጭ ብረት ሻጮች ተገዛ። ክንዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ የሚገባው የነሐስ ቡሽ በቶርኖ ቤት ተቀረጸ፤ ዘንጉ በእጅ ተገፍቶ የሚገባ፣ ሲነቀነቅ ግን የማይሰማ እንዲሆን። ከዚያ ሁሉም ቁራጭ ወፍራም ላሜራ ላይ በቡሎን ታሰረ። በጎማው ቦታ እውነተኛ የጎማ ዘንግ ገባ፤ ብረቱ መሰብሰብ ቢያምረው እንኳ መሄጃ እንዳይኖረው ነው። ልጁ መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ብቻ ያዘው። ቀጥሎ ከግራ አንድ ጣት፣ ከቀኝ አንድ ጣት፣ ከላይ፣ ከታች እያፈራረቀ በየደው። በመካከሉ እጅ እስኪያስነካ ይጠብቃል። የግማሽ ቀን ሥራ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ክንዱም በማግስቱ እንጂ በዕለቱ ከላሜራው አልተፈታም።

ክርክርም ነበር። አንዱ ስለ መታጠፊያው ቦታ ነው። ልጁ ለመበየድ የሚመቸውን ቦታ መረጠ፤ ጋሼ ግን ሰንሰለቱን ከሚያዞረው ከትንሹ ጥርስ አጠገብ ካልሆነ አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። መታጠፊያው ከጥርሱ በራቀ ቁጥር ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ሰንሰለቱ አንዴ ይወጠራል፣ አንዴ ይላላል፤ ሲላላ ይወጣል፣ ሲወጠር ይበጠሳል። ሌላው ስለ ቅርፁ ነው። ልጁ የዘመኑን ሞተር አይቶ ሁለት ቀጥ ያለ ቱቦ ይበቃል ባይ ነው። ጋሼ የጉዚን ሦስት ማዕዘን ፈለጉ። እዚህ ላይ እኔም ገባሁበት፤ ናኮ እስከ ኖርድካፕ የሄደበትን ነገር ለማስረዳት የመጀመሪያው ሆንኩ። ሦስት ማዕዘኑ አሸነፈ። ከሞተሩ ሥር የነበረው የሞላ ሳጥን ግን ከተቆረጠ ዘመን የለውምና አልተመለሰም። በቦታው ሶማሌ ተራ የተገኙ ሁለት አሞርዛተሮች ከኮርቻው በታች ቆሙ። ጥንታዊ ሞተር ሰብሳቢ ፈረንጅ ቢያይ እራሱን ይይዛል። ይያዝ። በ1940ዎቹ ቤልፋስት ውስጥ ሬክስ ማካንድለስ የተባለ መካኒክ ደረቅ ሞተሮችን እየቆረጠ የራሱን ተወዛዋዥ ክንድ ሲገጥም ጀምሮ፣ በ1950 ኖርተን የእሱን ቴላዮ ለውድድር ተጠቅሞበት እንግሊዝን አስደምሟል። ዛሬ ያ ራሱ ጥንታዊ ተብሎ ይከበራል።

የጉዚን ቀሪ ዕድሜ በአጭሩ ላውጋችሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣልያን ደኸየች፤ ሰው የሚፈልገው ርካሽ ነገር ነበር። ጉዚ በ1946 ባለ 65 ሲሲ ትንሽ ሞተር አቀረበ፤ ሕዝቡ በፍቅር ጉዚኖ አለው። በ1950 ፋልኮኔ መጣ። ያው የተጋደመ ሲሊንደር፣ ያው 88 በ82፤ ከ30 ዓመት በኋላም ሐሳቡን አልቀየረም። በ1949 ብሩኖ ሩፎ በ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከ1953 እስከ 1957 ደግሞ የ350 ሲሲው ሻምፒዮና ለአምስት ዓመት ከጉዚ እጅ አልወጣም። ፋብሪካው ሞተሮቹን በነፋስ የሚፈትንበት ዋሻ እዚያው ማንዴሎ ሠራ። ጁሊዮ ቼዛሬ ካርካኖ የተባለው መሐንዲስ ባለ ስምንት ሲሊንደር የውድድር ሞተር እስከ መሥራት ደረሰ። ጓደኛው ጆርጆ ፓሮዲ በ1955 ሞተ። በ1957 ፋብሪካው ከውድድር ወጣ። ካርሎ ጉዚ በ1964 ኅዳር 3 ቀን፣ በ75 ዓመቱ፣ እዚያው ማንዴሎ አረፈ። ዛሬ ስሙን ያስጠራውን፣ ሁለት ሲሊንደሩ ወደ ጎን የወጣውን ቪ 7 ገበያ ላይ አላየውም። ፋብሪካው በ2004 ወደ ፒያጆ እጅ ገብቷል፤ ከማንዴሎ ግን አልተነቀለም።

የጋሼ ሞተር የተነሣው በጥቅምት አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ሰሌዳ ስለሌለው ከግቢ አልወጣም፤ በብሎኮቹ መካከል ያለው ኮብልስቶን ግን ለፈተና ይበቃል። ጋሼ መጀመሪያ በአንዱ አሞርዛተር ዘንግ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቀለበት አሰሩ። ጎማው ከፍ ባለ ቁጥር ቀለበቱ ይገፋል፣ ስንት እንደሄደም ይመሰክራል። ከዚያ አስነሡት። ዱብ ዱብ ዱብ አለ። ከአያቴ አፍ የሰማሁት ድምፅ በአራተኛ ፎቅ ግድግዳዎች መካከል ሲያስተጋባ ጠጉሬ ቆመ። በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች ቁልቁል አዩ። ጋሼ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር ሄዱ። በሦስተኛው ኮብልስቶኑ የተነቀለበትን ጉድጓድ ሆን ብለው መቱት። እኔ ጎንበስ ብዬ የማየው ጎማውን ብቻ ነበር፤ ወደ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ወደ ጎን ግን አልሄደም።

ሲቆሙ ከኋላ እንድቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙኝ። እምቢ አልኩ። ልጁ ተቀመጠ። ሁለቱ ተጭነው አንድ ዙር ዞረው ሲመለሱ ቀለበቱን በጣቴ ለካሁት፤ አራት ጣት ሄዷል፣ ሊያልቅ አንድ ጣት ይቀረዋል። ጋሼ የሞላውን ማጥበቂያ አንድ ጥርስ ከፍ እንዲያደርገው ለልጁ ምልክት ሰጡት፤ እኔ ደግሞ ቁልፉን አቀበልኩት።